ስለ ትንሽ ትራክተር ግዥና ስለ ተቀጥላ መሣሪያዎቹ አመራረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ይህን ርእስ በሰጠኝ ጊዜ፣ ከእኔ የተሻለ የሚናገርበት ሰው አይጠፋም በማለት ለመሸሽ ሞክሬ ነበር። ኮሚቴው ግን አልለቀቀኝም። እንደሚመስለኝ የተመረጥሁት በጉዳዩ ከሌላው የበለጠ ስለማውቅ ሳይሆን፣ በዚሁ ጉዳይ አንድ ጊዜ በከባዱ መሳሳቴን ከእናንተ አንዳንዶቹ ስለሚያውቁ ነው። ስለዚህ ንግግሬ ከምክር ይልቅ ወደ ኑዛዜ ቢያዘነብል ከወዲሁ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ።

ትንሽ ትራክተር ስል ከ20 እስከ 40 ፈረስ ጉልበት ያለውን፣ አራት ጎማ ያለውን፣ ነጂው ተቀምጦ የሚነዳውን ማለቴ ነው። በእጅ እየተመራ የሚሄደውን ባለ ሁለት ጎማ ወደ ኋላ በጥቂቱ አነሣዋለሁ።

በ2009 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አገር፣ አሥራ አንድ ገበሬዎች ገንዘባቸውን አሰባስበው ትራክተር ለመግዛት ተነሡ። አብዛኞቹ ከቁጠባና ከብድር አዋጡ። አንደኛው ግን ጥንድ በሬዎቹን ሸጦ ገንዘቡን አመጣ። ትራክተር ከመጣ በሬ ምን ያደርግልኛል ማለቱ ነበር። የዋጋ ማቅረቢያውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። በወረቀቱ ላይ 25 ፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተርና ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ሰፍረዋል። ትራክተሩን አውቀዋለሁ፤ ማረሻውንም አውቀዋለሁ፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ደኅና ዕቃዎች ናቸው። ለተባለው ሥራ ተስማሚ መሆናቸውን የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ ጻፍሁና ፈረምሁበት። ማሳቸውን ግን አላየሁም ነበር።

ዕቃው በመጣ ጊዜ የማረሻው ችንካር በትራክተሩ ክንዶች ቀዳዳ አልገባ አለ። ቶርኖ ቤት ወሰድነውና አስከርክመን አስገባነው። ማረሻው ወደ ላይ ሲነሣ ደግሞ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተላቀቁ። ለዚህም መላ አላጣንም፤ ድንጋይ በጆንያ ሞልተን ከራዲያተሩ ፊት አሰርን። እንዲህ ሁለት ጊዜ ማሽኑ ራሱ ሲናገረን ሁለቱንም ጊዜ አፉን ያዝነው ማለት ነው። ወደ ዋልካው ገብቶ ማረሻው አፈር እንደነከሰ የኋላ ጎማዎቹ በቦታቸው መሽከርከር ጀመሩ፤ ጥልቀቱን ቀንሰን እንደገና ብንሞክር ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ቀጥ አለ። የተሰበሰበው ሰው ዝም ብሎ ያይ ነበር። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ይህን ደግሞ የሚጎትት በሬ እናምጣ እንዴ?» አሉኝ። ማንም አልሳቀም።

አስቀድሜ ማድረግ የነበረብኝን ስሌት ያን ዕለት ማታ አደረግሁት። ብዙዎቻችሁ በትምህርት ቤት ያለፋችሁበት ቢሆንም፣ እኔም ያለፍሁበት ሆኖ ሳለ ስለረሳሁት እንደገና ላቅርበው። አንድ ዲስክ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆርጣል ብንል፣ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው አፈር ግንባሩ 500 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ከባድ የሸክላ አፈር በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 0.7 ኪሎ ያህል ይቋቋማል ቢባል የተጋነነ አይደለም። ስለዚህ ለአንድ ዲስክ 350 ኪሎ መጎተት ያስፈልጋል ማለት ነው። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ይኸውም በሴኮንድ 1.4 ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ ይህ 6.5 ፈረስ ጉልበት ይሆናል። ለሦስቱ ዲስኮች 1,050 ኪሎና 19.5 ፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። ሃያ አምስት ከአሥራ ዘጠኝ ተኩል ይበልጣል፤ እኔንም ያሳሳተኝ ይኸው ላይ ላዩን የታየ ብልጫ ነው።

በወረቀት ላይ የሚጻፈው ፈረስ ጉልበት ግን የሞተሩ እንጂ የመጎተቻው አይደለም፤ የሚለካውም ለቆላ አየር እንጂ ለደጋ አይደለም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። በ2,600 ሜትር ላይ ሩብ ያህሉ ሄደ ማለት ነው፤ 25 የነበረው 18.5 ገደማ ሆኖ ቀረ። ከዚህም ውስጥ በማርሽ፣ በጎማ መንሸራተትና ለስላሳ መሬት ላይ በመንከባለል የሚባክነው ሲቀነስ፣ ለማረሻው የሚደርሰው ከግማሽ እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ በእጃችን ያለው 10 ፈረስ ጉልበት ያህል ነበር፤ ይህም ለአንድ ዲስክ ተኩል ይበቃል።

ከጉልበቱም የባሰው የክብደቱ ነገር ነበር። ትራክተሩ 1,100 ኪሎ ይመዝናል። ባለ ጎማ ትራክተር በለሰለሰ መሬት ላይ ሊጎትት የሚችለው በሚገፉት ጎማዎች ላይ ካረፈው ክብደት ግማሽ ያህሉን ነው። አራቱም ጎማዎች የሚገፉ ቢሆኑ እንኳ 550 ኪሎ መሆኑ ነው። እኛ ደግሞ 1,050 ጠየቅነው። እንዲህ ያለውን ትራክተር የመቶ ፈረስ ሞተር ብንጭንበትም ጎማውን በፍጥነት ከማሽከርከር በቀር የሚፈይደው የለም። ገዢዎች ስለ ፈረስ ጉልበት ደጋግመው ሲጠይቁ፣ ስለ ክብደት የሚጠይቅ ግን እስከ ዛሬ እምብዛም አላጋጠመኝም።

ታዲያ በዋልካ ላይ ያ ትራክተር የሚችለው አንድ ዲስክ ከሆነ፣ በሰዓት የሚያርሰው መዞሪያው ታስቦ 0.09 ሄክታር ያህል ነው። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቢሠራ 0.7 ሄክታር፤ ሩብ ሄክታሩን አንድ ጥማድ ብንል፣ ሦስት ጥማድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው መሆኑ ነው። አባቶቻችን መሬትን የለኩት ጥንድ በሬ በቀን በሚያርሰው ልክ ስለነበር፣ ይህን መለኪያ ለትራክተሩም ማዋል ደስ ይለኛል፤ ሻጭም ገዢም ሊያደናግሩበት አይችሉምና። ለገበሬዎቹ «የምትገዙት ትራክተር በዋልካችሁ ላይ የሦስት ጥማድ በሬ ሥራ ይሠራል» ብያቸው ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሰው በሬዎቹን የሚሸጥ አይመስለኝም።

ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ያለ ብዙ ማሰብ የምንመርጠው ከየት ባመጣነው ልማድ ነው? በእኔ ግምት ከትላልቆቹ ትራክተሮች ዘመን የወረስነው ነው። በጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅቱ (ካዱ) እ.ኤ.አ. በ1967 ከተቋቋመ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ባለርስቶች በትራክተር ማረስ ሲጀምሩ ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው መፈናቀላቸው የታወቀ ነው። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወዲህም ትልልቆቹ ማሽኖች ወደ መንግሥት እርሻዎች ገቡ። ትምህርታችንም፣ ጥገናችንም፣ የማረሻ ምርጫችንም በእነዚህ ሰፋፊ ማሳዎች ላይ የተቀረጸ ነው። ዛሬ ምክር የሚጠይቀን ሰው ግን ማሳው በሦስትና በአራት ቦታ የተበጣጠሰ፣ ተደምሮም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሄክታር የማይበልጥ ገበሬ ነው። ትልቁን ማረሻ ለትንሹ ትራክተር ማልበስ የአባትን ጫማ ለልጅ እንደ ማጥለቅ ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ልገልብጠው። ከአፈሩና ከሰብሉ እንነሣ፤ ከዚያ ተቀጥላ መሣሪያው ይመረጥ፤ መሣሪያው የሚጠይቀው ክብደትና ጉልበት ይሰላ፤ ትራክተሩ በመጨረሻ ይምጣ። በገበያ ላይ የምናየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ገዢው ትራክተሩን በቀለሙና በስሙ ይመርጣል፤ ገንዘቡ እዚያው ያልቅና ማረሻው በተረፈው ሳንቲም ወይም ከሻጩ እንደ ምርቃት ይመጣል።

ዋልካን እንመልከት። ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ ሲርስ ሙጫ ነው፤ በመካከል ለማረስ የሚመችባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። የዋልካ ዋና ችግር የሚመስለኝ አለመገልበጡ ሳይሆን ውኃ መያዙ ነው። የእነዋሪ ገበሬዎች ይህን አስቀድመው ስላወቁ በእጃቸው መደብ እያወጡ ውኃውን ያጠነፍፋሉ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የከብት ሀብት ማዕከል ሁለት የአገር ማረሻዎችን አጣምሮ ሰፊ መደብ የሚያወጣ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ መሥራቱን ታስታውሳላችሁ። መደቡ 80፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከቦይ መካከል እስከ ቦይ መካከል 120 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ትንሽ ትራክተር የሚስማማው እዚህ ላይ ነው። የብዙዎቹ የጎማ ርቀት ጠበብ ወይም ሰፋ ሊደረግ ስለሚችል ከ120 ሳንቲ ሜትር ጋር ካስማማነው፣ ጎማዎቹ ዘወትር በቦዩ ውስጥ ይሄዳሉ፤ መደቡ አይረገጥም። ስለዚህ ለዋልካ አገር የመጀመሪያው ግዥ መደብ ማውጫና ባለ ጥርስ ማረሻ ቢሆን እመርጣለሁ። ባለ ጥርሱ እንደ አገር ማረሻችን አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ የሚጠይቀውም ጉልበት ጥልቀቱ ካልበዛ ከዲስኩ ያነሰ ነው።

ድንጋይ ለበዛበት መሬት ደግሞ ጥርሶቹ ባለ ሞላ፣ አለዚያም ሲጠነክርባቸው ራሱ የሚቆረጥ ብሎን ያላቸው መሆናቸውን ማረጋገጥ ይገባል። ርካሽ ብሎን ሲቆረጥ መናደድ የለብንም፤ የተቆረጠው በማርሽ ሣጥኑ ፈንታ ነውና።

ስለ ጤፍ ብዙ ይጠይቁኛል። የጤፍ ዘር ደቃቅ ስለሆነ ማሳው ሦስትም አምስትም ጊዜ ይታረሳል፤ ከመዘራቱም በፊት በከብት ይረገጣል። አፈር አድቃቂው ሮታቬተር ይህን ሁሉ በአንድ ወይም በሁለት ጉዞ የሚጨርስ ስለሚመስል ገዢዎች ይወዱታል። ሥራው ማራኪ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ጉልበት አጥብቆ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በቆላ 1.2 ሜትር ስፋት ያለውን የሚያሽከረክር ትራክተር በደጋ ከአንድ ሜትር በላይ ባይሰጠው ይሻላል። ተዳፋት ላይ ደግሞ እንደ ዱቄት የደቀቀው አፈር በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ወደ ወንዝ ይወርዳል። በሜዳ ላይ እስማማለሁ፤ በተዳፋት ግን ፊርማዬን አላኖርም።

አሁን ወደ ቶርኖ ቤቱ ልመለስ። አየርላንድ የተወለደው መሐንዲስ ሃሪ ፈርጉሰን መሣሪያውን በሦስት ነጥብ ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘውንና በሃይድሮሊክ የሚያነሣውን ዘዴ ካበጀ፣ እ.ኤ.አ. በ1939ም ከፎርድ ጋር በተሠራው ትራክተር ላይ በብዛት ካዋለው ወዲህ፣ የዓለም ትራክተሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህንኑ ተከትለዋል። ማያያዣው በደረጃ ተከፍሏል። የትንሽ ትራክተር ደረጃ አንድ ሲሆን የታችኛው ችንካር 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ ደረጃ ሁለት 28 ሚሊ ሜትር ነው። እኛ በቶርኖ ያስከረከምነው እነዚያን ስድስት ሚሊ ሜትሮች ነበር። ደረጃው የተለያየው መሣሪያው ለትራክተሩ ከባድ መሆኑን እንዲናገር ነው። ለመምራት እንዲመች ከትራክተሩ ክብደት ቢያንስ አምስት አንድ እጁ በፊት ጎማዎች ላይ መቅረት አለበት፤ የፊቱ ከቀለለ መሪው ይዞራል እንጂ ትራክተሩ አይዞርም። ችንካሩ አልገባ ካለ እንግዲህ ቶርኖ ቤት ሳይሆን ወደ ሻጩ መመለስ ነው።

ስለ ወጪ አንድ ነገር ብቻ እናገራለሁ። ለስሌት እንዲመች ትራክተሩና መሣሪያዎቹ አንድ ሚሊዮን ብር ወጡባቸው፣ ዐሥር ዓመትም ያገለግላሉ እንበል። በዓመት የሚከፈለው 100,000 ብር ነው። ትራክተሩ ለእርሻ ብቻ ወጥቶ በዓመት 100 ሰዓት ቢሠራ፣ ናፍጣና ነጂ ሳይነሣ ለአንድ ሰዓት 1,000 ብር ይወድቅበታል። 500 ሰዓት ቢሠራ 200 ብር ይሆናል። ከአራት መቶው ተጨማሪ ሰዓት የሚበዛው ከማረስ አይገኝም፤ ከመውቃት፣ ከማጓጓዝና ውኃ ከመሳብ ነው። በዚህም ምክንያት ከማረሻው ቀጥሎ፣ በአንዳንድ ቦታም ከማረሻው በፊት፣ ተሳቢና መውቂያ እንዲገዛ እመክራለሁ። ለአንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ይህ አባባል ክህደት ይመስላቸዋል፤ ትራክተር ሊያርስ እንጂ ጆንያ ሊጭን ተሠራን ይሉኛል። ዕዳውን የሚከፍለው ግን ጆንያው ነው።

ተሳቢና መውቂያ ባሉበት አደጋም አለ። የትራክተሩ የኃይል ማስተላለፊያ ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ፣ ማለት በአንድ ሴኮንድ ዘጠኝ ጊዜ ይዞራል። የእኛ ገበሬ ጋቢ ይደርባል፤ ወይዘሮዎቹ ነጠላ ይለብሳሉ፤ በአውድማ ዙሪያም ሰው ይበዛል። የዘንጉ ሽፋን ወልቆ የተጣለበትን መውቂያ ያየ ሁሉ ሥራውን ወዲያው ማስቆም አለበት። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከትራክተሩ ክብደት በልጦ ቁልቁለት መውረድ የለበትም። ግንድም ሆነ ጉቶ ሲጎተት ሰንሰለቱ ከታችኛው መጎተቻ እንጂ ከዚያ በላይ አይታሰር፤ ከላይ ከታሰረ ትራክተሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ነጂው ፍሪሲዮን ለመርገጥ እንኳ ጊዜ አያገኝም። በግዥ ጊዜ ነጂውን የሚጠብቀውን የብረት ቅስትና የመቀመጫውን ቀበቶ ዋጋ ለመቀነስ ብሎ የሚያስቀር ገዢ አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለውን ግዥ መደገፍ የለብንም።

የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ በ2011 ዓ.ም. ከተፈቀደ ወዲህ በገበያው የምናያቸው ስሞች በርክተዋል። ስሙን ለማመን ወይም ላለማመን ቀላል ዘዴ አለኝ፤ ውል ከመፈረሙ በፊት ሻጩ የማያውቀው ሰው ልኬ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ቺንጊያና የፊት ጎማ ኩሽኔታ አስጠይቃለሁ። በዚያው ቀን ከተገኙ ደኅና ነው። «በሚቀጥለው ወር ይገባል» የተባለ እንደሆነ በመኸር ወቅትም የሚባለው ያው ነው።

ባለ ሁለት ጎማውን ረስቼው እንዳልቀር። ዋጋው ይቀላል፤ ለትንሽ ማሳ፣ ለውኃ መሳቢያ፣ ለመውቂያና ለቀላል ተሳቢ ይመቻል። ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአገራችን ሳይታረስ ከሚዘራ መሣሪያ ጋር ሞክሮታል። በቀላል አፈር ላይ መልካም ተስፋ አለው። ደረቅ ዋልካ ላይ ግን ሰውየው ትራክተሩን ይመራዋል ወይስ ትራክተሩ ሰውየውን ይመራዋል ለማለት ያስቸግራል።

የጀመርሁትን ታሪክ ልጨርስ። ባለ ሦስት ዲስኩ ማረሻ ሁለት ዓመት ከባሕር ዛፍ ሥር ተኛ። በ2011 ዓ.ም. ትልቅ ትራክተር ያለው ሰው በግማሽ ዋጋ ወሰደው። በዚያ ገንዘብ ላይ ጨምረው ተሳቢና መውቂያ ገዙ፤ የአካባቢው ብረት ሠሪም መደብ ማውጫ አበጀላቸው፤ ትራክተሩ ዛሬም ይሠራል፤ ዕዳቸውንም ከፍለዋል። እኔም ከዚያ ወዲህ ማሳ ሳልረግጥና ትራክተሩ የቆመበትን ከፍታ ሳልጠይቅ ማስታወሻ ጽፌ አላውቅም።

በሬዎቹን የሸጠው ሰው ድርሻው እንደ ሌሎቹ ይደርሰዋል። ነገር ግን የበሬ ዋጋ በእነዚያ ዓመታት እያደገ ስለሄደበት መልሶ መግዛት የቻለው አንዱን ብቻ ነው። ትራክተሩ ወደማይደርስበት ገደላማ ማሳው ዘንድሮ ግንቦት ስወርድ፣ ከጎረቤቱ በሬ ጋር በመቀናጆ ያርስ ነበር። እርፉን ሳይለቅ ሰላምታ ሰጠኝ፤ በሬዎቹ እንዳይቆሙበት ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ ትልሙን ይዞ ወደ ታች ቀጠለ።